በሰፈሩት ቁና፦ የአሜሪካ የጤና ማሻሻያ ክርክርና የተንታኞች ወገንተኝነት

እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2012 ረፋድ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ ላይ የሰጠውን ብይን ለጋዜጠኞች አደለ። ሲኤንኤንና ፎክስ ኒውስ ገና ጥቂት ገጽ እንደገለጡ፣ ሰው ሁሉ የጤና መድን እንዲኖረው የሚያስገድደው አንቀጽ ፈረሰ ብለው ለዓለም አሰሙ። ፕሬዚዳንት ኦባማም ዋይት ሐውስ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ለጥቂት ደቂቃ የተሸነፉ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ መንግሥት ንግድን ለመቆጣጠር በተሰጠው ሥልጣን ዜጋውን «ይህን ግዛ» ብሎ ማስገደድ አይችልም ብለው ይጀምራሉ። ወረድ ብለው ደግሞ፣ መድን የማይገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት እንደ ግብር ሊቆጠር ስለሚችል አንቀጹ ይጸናል ይላሉ። ሕጉ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ተረፈ። ጣቢያዎቹ የተሳሳቱት የመጀመሪያውን ግማሽ አንብበው ሁለተኛውን ስላልጠበቁ ነው።

ያ የችኮላ ስህተት ነበርና በደቂቃዎች ውስጥ ታረመ። በአሜሪካ የጤና ማሻሻያ ላይ ለአሥርት ዓመታት የተጻፈውንና የተነገረውን ትንታኔ መለስ ብሎ የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ዓይነት ግማሽ ንባብ ያገኛል። ይህኛው ታስቦና ተመርጦ የሚደረግ ነው፤ ለማረምም የሚቸኩል የለም። ወገንተኝነት ወደ ትንታኔ በምን በምን መልክ ይገባል? ማንን ይጎዳል? አንባቢስ በምን ይለየዋል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ተንታኝ ወገን ስላለው አይወቀስም። የሚወቀሰው ለራሱ ወገን አንድ ቁና፣ ለሌላው ወገን ሌላ ቁና ይዞ ሲሰፍር ነው። በዚህ ክርክር ደግሞ ሁለት ቁና ያልያዘ ሰፈር የለም።

የአንድ ቃል ዕድሜ

በአሜሪካ የጤና ክርክር ውስጥ እንደ «ሶሻሊስት ሕክምና» ረጅም ዕድሜ ያለው መፈክር የለም ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኖቬምበር 1945 ለመላው ሕዝብ የሚሆን የጤና መድን እንዲቋቋም ኮንግረሱን ሲጠይቁ፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ዘመተባቸው። ማኅበሩ ዊታከርና ባክስተር የተባለውን የካሊፎርኒያ የፖለቲካ ቅስቀሳ ድርጅት ቀጠረ፤ ለዘመቻውም ከየአባሉ 25 ዶላር ጠየቀ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጀመረበት በዚያ ዘመን «ሶሻሊስት» የምትለው ቃል ብቻዋን ክርክሩን ትጨርስ ነበር፤ የትሩማን ዕቅድ ምን እንደሚል ማንበብ አላስፈለገም። በ1961 ደግሞ ገና ፖለቲካ ያልገቡት ተዋናይ ሮናልድ ሬገን፣ ለአረጋውያን ሊቋቋም የታሰበውን መድን የሚያወግዝ ንግግር በሸክላ አስቀረጹ። የሐኪም ሚስቶችም ጎረቤቶቻቸውን ቡና እየጠሩ ሸክላውን ያሰሙ ነበር።

ያ መድን ሜዲኬር ተብሎ ጁላይ 30 ቀን 1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ጸደቀ፤ የመጀመሪያውን ካርድ የተቀበሉትም አዛውንቱ ትሩማን ናቸው። ሬገን በኋላ ስምንት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲገዙ ሜዲኬርን አላፈረሱትም። በ2009 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ የምክር ቤት አባሉን ቦብ ኢንግሊስን «መንግሥት እጁን ከሜዲኬሬ ላይ ያንሣ» የሚል መልእክት ነገራቸው። ሜዲኬር ራሱ የመንግሥት መሆኑን ሊያስረዱት ቢሞክሩም አልተቀበላቸውም። ብዙ ተንታኞች በዚህ ሰው ተሳለቁ። እኔ ግን በሰውየው መሳቅ አይሆንልኝም። «መንግሥት» የሚለውን ቃል ለስድሳ ዓመት ማስፈራሪያ አድርገው ሲያቀርቡለት የኖሩት ተንታኞች ናቸው፤ እርሱ የነገሩትን መልሶ ተናገረ።

በ1993 እና 1994 የቢል ክሊንተን ዕቅድ ሲቀርብም ታሪኩ ተደገመ። የመድን ኩባንያዎች ማኅበር፣ ሃሪና ሉዊዝ የተባሉ ባልና ሚስት ስለ ዕቅዱ ሲጨነቁ የሚያሳይ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ኒው ሪፐብሊክ የተባለው መጽሔት ደግሞ ቤትሲ ማኮይ የጻፉትን ረጅም ትንታኔ አወጣ፤ ዕቅዱ ሰዎች ከሥርዓቱ ውጭ እንዳይታከሙ በር ይዘጋል የሚል ነበር። ረቂቁ ግን ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ሕክምና መግዛት እንደሚችል በግልጽ ደንግጓል። ጽሑፉ ትልቅ የመጽሔት ሽልማት አገኘ። መጽሔቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2006 ነው፤ ዕቅዱ ከተቀበረ ከ12 ዓመት በኋላ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በሕግ ሥራ ላይ ግን ዘግይቶ የጠራ እውነት የሞተውን ረቂቅ አያስነሣም።

አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ጌታ

የሁለት ቁናን ነገር ከምንም በላይ አጥርቶ የሚያሳየው የዚያ አስገዳጅ አንቀጽ ታሪክ ነው። ሐሳቡን በ1989 በጽሑፍ ካቀረቡት አንዱ ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን በተባለው ወግ አጥባቂ የጥናት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ስቱዋርት በትለር ናቸው። አመክንዮውም የወግ አጥባቂ ነበር፦ መድን የሌለው ሰው ድንገት መኪና ቢገጨው ሆስፒታል አይመልሰውም፤ ዕዳው በሌላው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሸክም ይሸከም። በ1993 የሮድ አይላንዱ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ቼፊ የክሊንተንን ዕቅድ ለመመከት ባቀረቡት ረቂቅ ውስጥ አስገቡት፤ በርካታ የፓርቲ ባልደረቦቻቸውም ደገፉት። በኤፕሪል 2006 ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ ገዥ ሳሉ በፊርማቸው ሕግ አደረጉት።

በዴሞክራቶች ቤት ደግሞ ባራክ ኦባማ በ2008 ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ለእጩነት ሲፎካከሩ አንቀጹን ይቃወሙ ነበር። ሰዎች መድን ያልገዙት አቅም አጥተው ነው እንጂ ጠልተው አይደለም የሚል ነበር ክርክራቸው። ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ግን ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰፈሮች ወንበር ተለዋወጡ። ኦባማ ማርች 23 ቀን 2010 ሕጉን በፈረሙ በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኞቹ ሪፐብሊካን የሆኑ የግዛት ዐቃብያነ ሕግ ፍሎሪዳ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ትናንት የግል ኃላፊነት ይባል የነበረው የነፃነት ጠላት ሆነ። ትናንት ድሃን መቅጣት ነው ያሉትም ያለ እርሱ ሕጉ አይቆምም አሉ።

ሰው ሐሳቡን መለወጡ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ማስረጃ አይቶ የሚለወጥ ሰው ሊከበር ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው ግን ምን አይቶ እንደተለወጠ ይናገራል። ከተንታኞቹ መካከል ትናንት እንዲህ ብዬ ነበር፣ ይህን ስላየሁ ዛሬ እንዲህ እላለሁ ብሎ የጻፈው በጣት የሚቆጠር ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለ አንቀጹ አሠራር አዲስ ግኝት አልመጣም። የተለወጠው የአንቀጹ ጌታ ነው።

የታሪኩ መጨረሻም ያስተምራል። በዲሴምበር 2017 የወጣው የግብር ሕግ ቅጣቱን ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ አወረደው። አንድ ሰፈር ያለ ቅጣቱ የመድን ገበያው ይፈርሳል ይል ነበር። ሌላው ሰፈር ከዚያ ቀደም፣ ቅጣቱ እያለም ገበያው ሊሞት እያጣጣረ ነው ሲል ከርሟል። የሁለቱም ትንቢት አልደረሰም፤ ገበያው ቆመ። ወደ ትንቢቱ ተመልሶ «የት ላይ ሳትኩ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ተንታኝ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ያልነበረ ችሎት፣ ያልተጠበቀ ቃል

በ2009 ክረምት ለምክር ቤቱ በቀረበው ረቂቅ ውስጥ ቁጥሩ 1233 የሆነ ክፍል ነበር። አንድ አረጋዊ በመጨረሻ ዘመኑ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ በፈቃዱ ከሐኪሙ ጋር ቢመካከር፣ ሜዲኬር ለሐኪሙ የምክክሩን ዋጋ ይክፈል የሚል ነው። ያው ቤትሲ ማኮይ በሬዲዮ ቀርበው ምክክሩ ግዴታ ነው አሉ። ኦገስት 7 ቀን የአላስካ ገዥ የነበሩት ሣራ ፔሊን በፌስቡክ ገጻቸው «የሞት ችሎት» የሚል ስም አወጡ፤ ቢሮክራቶች ተሰብስበው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሕክምና ይገባቸው እንደሆነ ይፈርዳሉ ለማለት። እንዲህ ያለ ችሎት በረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ስሙ ግን ከረቂቁ ይልቅ ታወቀ፤ ምክክሩም ከሕጉ ወጣ። ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ሜዲኬር ለዚያው ምክክር መክፈል ሲጀምር ጩኸቱ አልተመለሰም። ነገሩ ያው ነው፤ ሊጣል የተፈለገ ረቂቅ ስላልነበር ግን ለጩኸት አልተፈለገም። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ስንት ሽማግሌ ሳይጠየቅ በማሽን ላይ ሆኖ እንዳለፈ ሳስብ፣ ያች የሁለት ቃል ስም ቀላል አትመስለኝም።

በሌላው ሰፈር ደግሞ ኦባማ ደጋግመው የገቡት ቃል አለ፦ ያላችሁን መድን ከወደዳችሁት ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ። በ2013 መኸር ለሚሊዮኖች ውላችሁ ተሰርዟል የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ሕጉን የሚደግፉ ብዙ ተንታኞች፣ የተሰረዙት ድሮም የማይረቡ ውሎች ናቸው ብለው ተከራከሩ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ከውሎቹ ብዙዎቹ ወሊድን ወይም የታዘዘ መድኃኒትን አይሸፍኑም ነበር። የሰውየው ጥያቄ ግን ውሉ ይረባል ወይ የሚል አልነበረም። የገባችሁልኝ ቃል የት ሄደ ነው ያለው። ኦባማ ራሳቸው በኖቬምበር በቴሌቪዥን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ቃሉ ተጠብቋል እያሉ ሲሟገቱላቸው የነበሩት ብቻቸውን ቀሩ።

ፖለቲፋክት የተባለው የፖለቲከኞችን አባባል የሚመረምር ተቋም በየዓመቱ የዓመቱን ውሸት ይመርጣል። የ2009 ምርጫው «የሞት ችሎት» ነበር። የ2010 ኦባማኬር የጤናውን ዘርፍ በመንግሥት እጅ መጠቅለል ነው የሚለው ሆነ፤ ሕጉ ግን በአብዛኛው በግል የመድን ኩባንያዎች ላይ የቆመ ነው። የ2011 ሪፐብሊካኖች ሜዲኬርን ለማጥፋት ድምፅ ሰጡ የሚለው የዴሞክራቶች አባባል ነው። የሪፐብሊካኑ የምክር ቤት አባል የፖል ራያን ዕቅድ ያን ጊዜ ከ55 ዓመት በታች ለነበሩት የሜዲኬርን አሠራር ከሥሩ የሚለውጥ ቢሆንም፣ ያኔ በመድኑ ውስጥ የነበሩትን አረጋውያን አይነካም ነበር። እንዲያም ሆኖ አንዲት አሮጊት ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ገደል ሲጨመሩ የሚያሳይ ማስታወቂያ ተሠራ። የ2013 ደግሞ የኦባማ ቃል ሆነ። ከአራቱ ሁለቱ ከአንድ ሰፈር፣ ሁለቱ ከሌላው የመጡ ናቸው። በዚህ ዝርዝር መሠረት ሁለቱ ወገኖች እኩል ዋሽተዋል ብዬ አልደመድምም፤ የአራት ዓመት ዝርዝር ለዚያ አይበቃም። ዝርዝሩን ያነሣሁት የራሱን ወገን ሁለት ዘልሎ የሌላውን ሁለት ብቻ የሚያስታውስ ተንታኝ የትኛውን ቁና እንደያዘ ስለሚያጋልጥ ነው።

የጥናት ግማሽ

ተራ ውሸት ይያዛል። ለመያዝ የሚያስቸግረው እውነተኛ ቁጥር አንሥቶ አጠገቡ ያለውን ሌላውን እውነተኛ ቁጥር መደበቅ ነው። በ2008 የኦሪገን ግዛት ለድሆች የሚሰጠውን የሜዲኬይድ መድን ለጥቂት ተጨማሪ ሰዎች የማዳረስ ዕድል አገኘች። 90,000 ያህል ሰው ተመዘገበ፤ ቦታው ስለማይበቃ ዕጣ ወጣ። እኛ ዲቪን የምናውቅ ሰዎች ዕጣ ሁለት እኩያሞችን እንዴት ወደ ሁለት ሕይወት እንደሚለያቸው አይጠፋንም። ለተመራማሪዎችም ይህ ብርቅ አጋጣሚ ነበር፤ ዕጣ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር ማወዳደር አስቻላቸው። በ2013 የወጣው ውጤት ሁለት ገጽ ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በስኳር መጠን ላይ በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ ለውጥ አልታየም። በሌላ በኩል በድባቴ የሚሠቃየው ሰው በ30 በመቶ ቀነሰ፤ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀላቸውና መድኃኒት የጀመሩ ጨመሩ፤ ቤተሰብን የሚያራቁት የሕክምና ወጪም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ሜዲኬይድን ማስፋፋት የሚቃወሙት ተንታኞች የመጀመሪያውን ገጽ ይዘው ሜዲኬይድ ጤና አይሰጥም ብለው ጻፉ። የሚደግፉት ሁለተኛውን ይዘው ጥናቱ ፍሬውን አረጋገጠ አሉ። ከጥናቱ መማር የሚቻለው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ነው። መድን በመጀመሪያ ደረጃ ከዕዳና ከጭንቀት የሚያድን ነገር ነው፤ የደም ግፊትን ለማውረድ ግን ካርድ ብቻ አይበቃም። ይህ ለሁለቱም ሰፈር የሚጠቅም ትምህርት ነበር፤ የተቀበለው ጥቂት ነው።

በጁላይ 2018 መርካተስ ማዕከል የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ጥናት ቻርልስ ብላሁስ ሜዲኬርን ለመላው ሕዝብ የሚያዳርሰውን የሴናተር በርኒ ሳንደርስን «ሜዲኬር ለሁሉም» ዕቅድ ወጪ አሰሉ። ዕቅዱ በአሥር ዓመት የፌዴራሉን መንግሥት ወጪ በ32.6 ትሪሊዮን ዶላር ይጨምራል የሚለው ቁጥር የወግ አጥባቂዎች ርእስ ሆነ። እዚያው ውስጥ ሌላ ቁጥር ነበር፦ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በሜዲኬር ዋጋ ቢከፈላቸው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ በ2 ትሪሊዮን ገደማ ይቀንሳል። ሳንደርስና ደጋፊዎቻቸው ይህንን አነሡ፤ ጸሐፊው ግን ያን ያህል የዋጋ ቅነሳ መሳካቱን እንደሚጠራጠሩ መናገራቸውን ዘለሉት። ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ መንግሥት የሚጨምረው ወጪ ቤተሰብና አሠሪ ዛሬ ከኪሳቸው የሚከፍሉትን የሚተካ መሆኑን ዘለሉ። አንዱ ቁጥር የመንግሥትን ኪስ፣ ሌላው የአገሩን ሁሉ ኪስ ይለካል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ግን ተታሏል።

የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ ሲወደድና ሲጠላ ኖሯል። በ2014 ኦባማኬር ሰዎች የሚሠሩትን ሰዓት በ2024 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በሚመጥን መጠን ይቀንሳል አለ። ወዲያው 2.5 ሚሊዮን ሥራ ጠፋ የሚል ርእስ ተሠራበት፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን የሚለው በአብዛኛው ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ በፈቃዳቸው ይቀንሳሉ ነው። በ2017 ደግሞ ኦባማኬርን ሊተካ የቀረበው የሪፐብሊካኖቹ ረቂቅ መድን የሌለውን ሰው በ2026 በ24 ሚሊዮን ይጨምራል ሲል፣ በዴሞክራቶች ሰፈር 24 ሚሊዮን ሰው መድኑን ይነጠቃል ተባለ። ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ቅጣቱ ሲነሣ በራሳቸው ምርጫ የሚተዉ መሆናቸው ተዘለለ።

ስም ሲለጠፍ

ይህ ሁሉ በአድማጩ ላይ ምን ያደርጋል? በ2013 ሲኤንቢሲ ባስጠናው የሕዝብ አስተያየት ስለ «ኦባማኬር» ከተጠየቁት 46 በመቶ ተቃወሙ፤ ያንኑ ሕግ በሕጋዊ ስሙ «አፎርዳብል ኬር አክት» ብለው ሲጠይቁ የተቃወሙት 37 በመቶ ሆኑ። በኬንታኪ ግዛት የኦባማኬር ገበያ ካይኔክት በሚል ስም ነበር የተከፈተው። በ2014 በተደረገ ጥናት የግዛቲቱ መራጮች 57 በመቶ ኦባማኬርን አይወዱም፤ ካይኔክትን የማይወዱት ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ ኮኸን በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድን የድጎማ ፖሊሲ የሚመዝኑት በይዘቱ ሳይሆን የትኛው ፓርቲ ደገፈው በሚለው መሆኑን አሳየ። የራሳቸው ፓርቲ ደግፎታል ከተባሉ ለጋሱን ዕቅድ ወግ አጥባቂዎች፣ የጠበበውን ዕቅድ ሊበራሎች ይቀበሉት ነበር። ሲጠየቁ ግን ያመዛዘንኩት በራሴ ነው ይላሉ። ብሬንዳን ናይሃንና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ሙከራ ደግሞ፣ የሞት ችሎት አለመኖሩን የሚገልጽ እርማት ብዙዎችን ረዳ፤ ሣራ ፔሊንን በሚደግፉና የፖለቲካ ዕውቀታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ዘንድ ግን እምነቱን ይበልጥ አጠበቀው። በኋላ የመጡ ጥናቶች እንዲህ ያለው መገላበጥ እንደተፈራው የተለመደ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ እርማት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ይህ ለጸሐፊ ተስፋ ነው፤ ማረም ከንቱ ድካም አይደለም።

የዜና ማሰራጫዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የፒው ተቋም ከ2009 አጋማሽ እስከ ማርች 2010 የቀረበውን ዘገባ ሲመረምር፣ 41 በመቶው ስለ ፖለቲካ ስልትና ስለ ማን አሸነፈ የሚያወራ ሆኖ አገኘው፤ የአገሪቱ የጤና ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው 9 በመቶ ነበር። ሰው ክርክሩን እንደ ኳስ ጨዋታ ከተነገረው እንደ ኳስ ደጋፊ ቢያይ አይፈረድበትም።

ጉዳቱ በሐሳብ ደረጃ አይቀርም። ኤሚ ለርማንና ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙት ጥናት፣ ሪፐብሊካኖች በኦባማኬር ገበያ ገብተው መድን የመግዛታቸው ዕድል ከዴሞክራቶች ያነሰ መሆኑን አሳየ። ተንታኙ በቴሌቪዥን የሰደበውን መድን አድማጩ ሳይገዛ ይቀራል፤ ሲታመም ሂሳቡን የሚከፍለው ተንታኙ አይደለም።

እኛ ጓዳ ሲደርስ

አሜሪካ ያሉ የአማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎች ይህ ክርክር የፈረንጆች ጠብ ይመስላቸዋል። አይደለም። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈተ፣ በየቤቱ አረጋዊ የሚጦር ሰው ብዙውን ጊዜ ከአሠሪ መድን አያገኝም፤ የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው። መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት የ2012 ብይንም ተንታኞች እምብዛም ያልቆዩበት ሌላ ክፍል ነበረው፦ በኦባማኬር የታዘዘው ሜዲኬይድን ማስፋፋት የየግዛቱ ፈቃድ ሆነ። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ አስፋፋች፤ ቴክሳስ አላስፋፋችም። በዚህ የተነሣ አሌክሳንድሪያ ያለች ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ እኅት ካርድ ይዛ ስትታከም፣ ዳላስ ያለው፣ ልጅ የሌለው ዜጋ ወንድሟ ከድህነት መስመር በታች እየኖረ ሜዲኬይድም ድጎማም አያገኝም። ልዩነቱን ያመጣው ተንታኞች እምብዛም ያልቆዩበት ያ የብይኑ ክፍል ነው።

በ2025 መጨረሻም ነገሩ ደጃችን መጣ። ኦክቶበር 1 ቀን ተጀምሮ ለ43 ቀን የፌዴራሉን መንግሥት የዘጋው ጠብ በዋናነት በኦባማኬር ድጎማ ላይ ነበር። የሪፐብሊካን ተንታኞች ዴሞክራቶች ለሕገ ወጥ ስደተኞች ነፃ ሕክምና ሊሰጡ ነው አሉ። ወረቀት የሌለው ሰው ግን ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ቀድሞም የፌዴራል ሜዲኬይድ አይፈቀድለትም፤ ከኦባማኬር ገበያም አይገዛም። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ሜዲኬይድን የሚያስቀርባቸው ሕጋዊ ሰዎች ናቸው፤ ስደተኝነታቸው የታወቀላቸውና ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ የሚጠባበቁ። ከመካከላቸው የእኛ ሰዎች አሉበት። የዴሞክራት ተንታኞችም የራሳቸው ግማሽ አላቸው። ወረቀት ለሌለው ሰው አንድ ሳንቲም አይወጣም ሲሉ፣ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ እንደሸፈኑ፣ ፌዴራሉም የድንገተኛ ሕክምናን ወጪ እንደሚጋራ አይናገሩም። እኛ ደግሞ ይህን በየስልካችን ተቀብለን፣ ተርጉመን፣ ለዘመድ እንልካለን። ግማሽ ተቀብሎ ግማሽ የሚያስተላልፍ ሰውም በቁናው ሊጠየቅ ይገባል።

ወገን መያዝ ነውር ነውን?

ወገን የሌለው ተንታኝ ይምጣ የሚል መፍትሔ አልወድም። መንግሥት ለዜጋው ጤና ምን ያህል ኃላፊነት አለበት፣ ግብር እስከ የት፣ ነፃነት እስከ የት የሚሉት ጥያቄዎች በቁጥር ብቻ አይፈቱም፤ ሰዎች በቅንነት የሚለያዩባቸው ናቸው። አቋሙን በግልጽ የሚናገር ጸሐፊ፣ አቋም የለኝም እያለ ከሚሸምቀው ይሻላል።

በሁለቱም ሰፈር በአንድ ቁና የሰፈሩ ሰዎች ኖረዋል። ሕጉን በጽሑፉ የደገፈው ኤዝራ ክላይን በኦክቶበር 2013 የመድኑ ድረ ገጽ ሲከፈት መክሸፉን ሳያለሳልስ ጽፏል። ወግ አጥባቂው አቪክ ሮይ ኦባማኬርን እየነቀፈ፣ ወገኖቹ ሕጉን እንሻረው ከማለት ይልቅ ሰውን ሁሉ የሚያዳርስ የራሳቸውን ዕቅድ እንዲያቀርቡ በ2014 ሰፊ ሰነድ አውጥቷል። ሁለቱም አቋማቸውን አልጣሉም፤ በአቋማቸው ላይ ሆነው የራሳቸውን ቤት መዘኑ።

ለአንባቢ የሚቀረው ፈተና ከዚህ ይወጣል። ተንታኙ ዛሬ የሚያወግዘውን ነገር የራሱ ፓርቲ ባደረገው ጊዜ ምን ብሎ ነበር? ያነሣው ቁጥር የማንን ኪስ ይለካል፤ አጠገቡስ የትኛው ቁጥር አለ? ያለፈው ትንቢቱ የት ደረሰ? የተሳሳተ ዕለትስ በምን ድምፅ አረመ? እነዚህን ለመጠየቅ ሐኪምም ኢኮኖሚስትም መሆን አያስፈልግም፤ የቆየ ጽሑፍ ፈልጎ ማንበብ ይበቃል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው አባባል ለተንታኝ የሚሠራው ግን አንባቢው ቁናውን ሲይዝ ነው።

እነዚያ ሁለት ጣቢያዎች በዚያ ረፋድ ቀሪውን ገጽ ገልጠው በዚያው ካሜራ ፊት አረሙ። በየዓመቱ ኖቬምበር 1 የመድን ምዝገባ ሲከፈት፣ ከሥራ መልስ ማታ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ የቱን ልምረጥ የምትል እናት ከተንታኞች የምትጠብቀውም ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛውን ገጽ እንዲያነቡላት። ካላነበቡላት ራሷ ታንብበው። እኛም የምናውቅ አጠገቧ ቁጭ ብለን እናንብብላት።